ከሐይቅ የመጣችው ጀልባ በደብረ ብርሃን፦ ፋይበርግላስ ካልበሰበሰ የበሰበሰው ምንድን ነው?

ፋይበርግላስ አይበሰብስም። ሻጩም ገዢውም ይህን ያውቃሉ፤ የፋይበርግላስ ጀልባ የገዛ ሰውም ከእንጨት ጣጣ የተገላገለ ይመስለዋል። እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ወርክሾፓችን ውስጥ ፈትተን መልሰን የሠራናት ጀልባ ግን ከውጭ ሲያዩዋት ቀለሟ የሚያብረቀርቅ፣ አንድ ስንጥቅ እንኳ የሌላት ሆና ሳለ፣ ውስጧ በእጅ የሚዛቅ ጥቁር ብስባሽ ነበር። ሞተሩ የታሰረበት የኋላ ግድግዳ ሰው አሳፍራ ሐይቁ መሐል ሳለች ቢገነጠል ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጥገና አይሆንም ነበር። ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ደብረ ብርሃን ሐይቅ የላትም፤ ጀልባ ምን ልትሠራ መጣች የሚል አንባቢ ይኖራል። የኛ የዕለት እንጀራ የአውቶቡስ ግንባር፣ የመኪና ፓራውልትና የአይሱዙ ኮፈን ነው። ፋይበርግላስ ግን የትም ቦታ ያው ፋይበርግላስ ነው፤ ማቱም (ከብርጭቆ ክር የተሠራው ምንጣፍ) ሬዚኑም (ማቱ ጠጥቶት የሚጠነክረው ፈሳሽ) አይለወጥም። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውራ ጎዳና ደግሞ በከተማችን መሐል ያልፋል።

አመጣጧ

ባለቤቷ ሐይቅ ከተማ የሚኖሩ፣ ሰውና ዕቃ በማሻገር፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ እንግዳ በማዞር የሚተዳደሩ አዛውንት ናቸው። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ የሚኖር የእህታቸው ልጅ የሠራነውን አንድ የአውቶቡስ ግንባር አይቶ ወደኛ መራቸው። ጥቅምት ሲገባ ጀልባዋን አይሱዙ ላይ አስጭነው በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና አድርገው፣ ጣርማ በርን ወጥተው ደረሱ። ርዝመቷ 5 ሜትር ተኩል ነው፤ ከኋላዋ 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይታሰርባታል።

ቅሬታቸው ሁለት ነበር። "ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ወደ ኋላ ይንጋለላል፣ ስቀንስለት ይመለሳል። ደግሞ ከብዳለች ልጄ፤ ድሮ ለአራት ጎትተን የምናወጣትን ዘንድሮ ስምንት ጎረምሳ አልቻላትም" አሉን።

ከሁለቱ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ነው። የኋላው መነቃነቅ ከላላ ብሎን ሊመጣ ይችላል። ክብደት ግን ከየትም አይመጣም። በደንብ የተሠራ ፋይበርግላስ ይህን ያህል ውሃ አይጠጣም፤ ስለዚህ ጀልባዋ በእጥፍ ከከበደች ውሃው ሊጠጣ በሚችል ነገር ውስጥ፣ ማለትም በእንጨቱና በፎሙ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ጋሼ ግን "አብሽሩ፣ ቀለም የጠጣች ናት" የሚል ሰው ገጥሟቸው ኖሮ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሲነዷት ኖረዋል።

ምርመራው

የመጀመሪያው መሣሪያ ትንሽ መዶሻ ነው። እጀታው ፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል፤ በዚያው እጀታ እያንዳንዱን መዳፍ የምታህል ቦታ ቀስ እያሉ መምታት ነው። ጤነኛው ቦታ "ቃ" ብሎ ደረቅ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል። የረጠበው ወይም ከእንጨቱ የተላቀቀው ቦታ "ድፍ" ይላል፤ እጅም ላይ አይነጥርም። ድፍን ድምፅ በሰማንበት ሁሉ በጠመኔ ክብ እያደረግን ሄድን።

ስንጨርስ ጠመኔው ሁሉን ተናገረ። ክቦቹ በዘፈቀደ የተበተኑ አልነበሩም። የሞተሩ ብሎኖች ዙሪያ፣ የውሃ መልቀቂያዋ ቱቦ ዙሪያ፣ የእያንዳንዱ መቀመጫ እግር ሥር ተከማችተዋል። ከነዚህ ራቅ ሲባል ድምፁ እንደገና ጥርት ይላል። ሰው ቀዳዳ የበሳበት ቦታ ሁሉ ታሟል፤ ሰው ያልነካው ቦታ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ ይህን ማረጋገጥ ነበር።

በትራፓኖ፣ በ5 ሚሊ ሜትር ጫፍ፣ ከውስጥ በኩል ብቻ የኋላውን ግድግዳ በሳነው። የውጭው ቆዳ አይነካም፤ ጄልኮቱ፣ ማለትም የሚያብረቀርቀው የላይኛው ንብርብር፣ እዚያ ነው ያለው፤ ካላስፈለገ የውጩን መልክ ማበላሸት ደግ አይደለም። ጤነኛ እንጨት ሲበሳ ፈዘዝ ያለ፣ የተጠቀለለ ደረቅ ፍቅፋቂ ይወጣዋል። የኛው ትራፓኖ ጥቁር ጭቃ መሰል ነገር ይዞ ወጣ፤ የሻጋታና የኮምጣጤ ሽታ አለው። ከታችኛዋ ቀዳዳ ቡናማ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ አድሮ፣ ጠዋት ከሥሯ ያስቀመጥነው የቀለም ቆርቆሮ ግማሽ ሆኖ አገኘነው።

ወለሉን ስንቆርጠው የባሰ ነበር። ወለሉን የሚሸከሙት ሞራሌዎች በአንድ ድርብ ማት ብቻ ተሸፍነዋል፤ ከታች በኩል ጭራሽ አልተሸፈኑም። እንጨቱ በቁመትም በጎንም ተሰነጣጥቆ ቡናማ ጥቃቅን ኩብ ሆኗል። አናጢያችን አንዱን ቁራጭ በመዳፉ ጨመቀው፤ ውሃው በክንዱ ላይ ወረደ። በሞራሌዎቹ መካከል የተሞላው ቢጫ ፎም፣ ጀልባዋ ብትገለበጥ እንዳትሰጥም ተብሎ የገባው ማለት ነው፣ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ራሱ ሸክም ሆኗል። የጋሼ ጀልባ የከበደችው በዚህ ነው።

አንድ ሌላም ነገር አየን፤ በኔ እምነት ከብስባሹ የማያንስ ነው። ሞራሌውን የሸፈነው ማት በአንዳንድ ቦታ በጣት ሲይዙት ተላጦ ይነሳል፤ ጀርባው ላይ አንድ የእንጨት ጭረት እንኳ የለም። አጥብቆ የያዘ ማት ሲላጥ እንጨት ነቅሎ ይመጣል። ይህኛው ከመጀመሪያውም አልያዘም፤ ሲለጠፍ ወይ እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ ወይ ሬዚኑ አንሷል። በጥቂት ቦታ ማቱ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ሬዚን ያልጠጣ ማት ነጭ ነው። እንዲህ ያለ ሽፋን ከእንጨቱ ጋር ስስ ክፍተት ይተዋል፤ ውሃ አንድ ጊዜ ከገባበት በክፍተቱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል።

ለሠሪው ፍትሐዊ መሆን ይገባል። የጀልባዋ ውጫዊ አካል ወፍራምና እኩል ነው፣ ጄልኮቱም አላበጠም። ማን እንደሠራት መጥቀስ አያስፈልግም፤ እጁ የሠለጠነ መሆኑ ያስታውቃል። የተቆጠበው በማይታየው ቦታ ነው፤ የማይታየው ቦታ ደግሞ ሞተሩን የሚሸከመው ነው።

ውሃው በየት ገባ

እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው። ፈንገስ አራት ነገር ይፈልጋል፤ የሚበላው እንጨት፣ አየር፣ ሙቀትና እርጥበት። ሦስቱን ከጀልባ ላይ መከልከል አይቻልም፤ በእጃችን ያለው አራተኛው ብቻ ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገሱ አይሠራም፤ ወደ 30 በመቶ ሲጠጋ ይስፋፋል።

ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ የተዘፈቀ እንጨት አይበሰብስም፤ አየር የለውማ። ይህን ለጋሼ ለማስረዳት ውጭ ወጥተን የጎረቤትን አጥር ማየት በቂ ነበር። መንዝ ውስጥም ሆነ እዚህ የባሕር ዛፍ አጥር ቋሚ የሚቆረጠው ከመሬቱ ልክ ላይ ነው። ተነቅሎ ሲታይ የጫፉ ብዙው ደህና ነው፣ ከላይ ያለውም ደረቅ ነው፤ የሞተው መሐሉ፣ አየርና እርጥበት የተገናኙበት ነው። በጀልባዋ ውስጥ ያለው እንጨት በሙሉ ኑሮው በዚያች መስመር ላይ ነው።

"ታዲያ ሐይቁ ከውጭ ነው ያለው፤ እንዴት ብሎ ውስጥ ገባ?" ብለው ጠየቁኝ። የሐይቁ ውሃ አይደለም። የክረምቱ ነው። ጀልባዋ ከሰኔ እስከ መስከረም አፏን ወደ ሰማይ ከፍታ ዳር ላይ ትታሰራለች። የወሎ ሐምሌ የሚያወርደው ዝናብ ወለሏ ላይ ይተኛል፤ ወለሉ ላይ ደግሞ መቀመጫዎቹን የያዙ ቪቴዎች አሉ። እያንዳንዱ ቪቴ ባዶ ኮምፔንሳቶ (ፕላይውድ) ውስጥ የገባ፣ ዙሪያው ያልታሸገ ነው። ውሃው ቪቴውን ተከትሎ ይወርዳል፤ ከወለሉ ሥር ፀሐይም ነፋስም አይደርስበት። ባሕር ላይ የሚሠሩ ጀልባዎች ላይ ጨዉ ፈንገሱን በመጠኑ ይገታዋል፤ የዝናብ ውሃ ግን ምንም አያግደውም።

ከቪቴዎቹ የባሰው የሞተሩ ብሎን ነው። ቀዳዳዎቹ በእንጨቱ ውስጥ ተበስተው፣ ብሎኑ ተከትቶ፣ ዳዶው ጠብቆ፣ ላዩ ላይ ሲሊኮን ተቀብቷል። ሞተር ይንቀጠቀጣል። ሲሊኮኑ በአንድ ሁለት ዓመት ከብረቱ ይላቀቃል፤ ዓይን ግን አያየውም፤ ከሮንዴላው ሥር ነውና። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ማዕበል በብሎኑ ዙሪያ ትንሽ ውሃ ወደ ውስጥ ይገፋል። እንጨቱ ሲለሰልስ ብሎኑ ይላላል፣ ሰውየው ዳዶውን ያጠብቃል፣ ሮንዴላው የውስጡን ቆዳ እየሰነጠቀ ይሰምጣል፣ ውሃው ይበልጥ ይገባል። ጋሼ በየወሩ ዳዶ ማጥበቅ ልማድ አድርገውት ነበር። የሞተር ዳዶ ደጋግሞ ማጥበቅ የሚያስፈልግ ከሆነ ያ የበሰበሰ ግድግዳ ምልክት ነው፤ ይህን ጀልባ ያለው ሁሉ ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል።

የውሃ መልቀቂያዋ ቱቦ ባዶ እንጨት ውስጥ ተጠቅጥቃ የገባች ነበረች፤ እሷም ከሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ናት፤ ውሃው ሁሉ የሚሄደው ወደሷ ነው። ወለሉን የሚሸከሙት ሞራሌዎች ደግሞ ከሥራቸው የውሃ መሄጃ ቀዳዳ ስላልተተወላቸው፣ የወረደው ውሃ ወደ ኋላ ሄዶ እንዳይወጣ በየክፍሉ ተገድቦ ተቀምጧል።

የእንጨቱ ክርክር

አናጢያችን የመንዝ ሰው ነው፤ የአጥር ቋሚ ሲተክል ጫፉን በተቃጠለ ዘይት እየነከረ ያደገ ነው። "ቢነከር አይበሰብስም" አለ። ለአጥር እውነት ነው፣ ዕድሜ ይጨምራል። ለዚህ ሥራ ግን መርዝ ነው፤ ዘይት በነካው እንጨት ላይ ሬዚን አይይዝም። ሐበሻ ጥድም በዚሁ ምክንያት ቀረ። ጥድ ብስባሽን በመቋቋም ወደር የለውም፤ የድሮ ቤት ቋሚዎቻችን ምስክር ናቸው። ያ የሚጠብቀው ዘይቱና ሙጫው ግን ሬዚኑ አጥብቆ እንዳይይዝ ያደርገዋል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከባድ ነው፣ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ በሽፋን ውስጥ የሚንቀሳቀስ እንጨት ሽፋኑን ይሰብራል።

የቀረው ፕላይውድ፣ በየሱቁ ኮምፔንሳቶ የሚባለው ነው። ሁሉም ኮምፔንሳቶ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ ንብርብሮቹን የያዘው ኮላ ነው። ለቤት ዕቃ የሚሠራው ኮላ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ሻጩ "የውሃ ነው" ይላል፤ የምናምነው ግን ድስቱን ነው። ከየዓይነቱ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቆርጠን ቀቀልናቸው፣ አደረቅናቸው፣ እንደገና ቀቀልናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ቆላ ላይ ከሚበቃው ሰዓት አስረዝመን ነው ያፈላነው። አንዱ ዓይነት እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ሌላው ጠርዙ ላይ ካራ ስናስገባበት እንኳ አልተከፈተም፤ እሱን ገዛን። ይህ ፈተና ከእሳትና ከትዕግሥት በቀር ወጪ የለውም።

ሞራሌዎቹን ግን በእንጨት ለመተካት አልፈለግንም። ወለል የሚሸከም ሞራሌ ላይ ጉልበቱ ያለው በላዩ በተለጠፈው ፋይበርግላስ ነው፤ በውስጡ ያለው ነገር ቅርጽ ከመስጠት ያለፈ ሥራ እንዳይኖረው ማድረግ ይቻላል። ነጩን ስታይሮፎም፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን፣ መጠቀም አይቻልም፤ ፖሊስተር የሚባለው የተለመደው ሬዚን ሲነካው ይሟሟል። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የፒቪሲ ቧንቧ ገዝተን ለሁለት ሰነጠቅነው፤ ግማሹን ደፍተን በአካሉ ላይ አስቀመጥነው፤ በላዩ ማት በማት ላይ ደረብን። ቧንቧው አይበሰብስም፤ ቢበሰብስ እንኳ ሸክሙን የያዘው ብርጭቆው ነው።

ብርዱ

ከሁሉም ያስጨነቀን ይህ ነበር። ጥቅምትና ኅዳር ለኛ ደረቅ ወር ነው፤ ለማድረቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ባዶዋን ጀልባ ፀሐይ ላይ ስናውላት፣ ማታ ስናስገባት፣ ውስጧ የቀረው እርጥበት ወጣ። ግን ያው ጥቅምት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ፖሊስተር ሬዚን ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ አይበስልም። እጅ ሲነካው የጠነከረ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ጥሬ ነው። ጥሬ የቀረ ሬዚን ደካማ ነው፣ ውሃም ይስባል። እዚህ ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው መጠንቀቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ብርዱን የሚያሸንፈው ሃርድነር፣ ማለትም ሬዚኑን የሚያጠነክረውን ኬሚካል፣ በመጨመር ይመስለዋል። የፖሊስተር ሃርድነር ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጨመር ሬዚኑ ቶሎ ቢጠነክርም ተሰባሪ ይሆናል። እኛ የሠራነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ሬዚኑን፣ ሃርድነር ሳይነካው፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ በባልዲው አስቀምጠን እናሞቀዋለን። ፀሐይ ከማዘቅዘቋ በፊት በጀልባዋ ላይ በላስቲክ ድንኳን እንሠራለን፤ ውስጡ አምፖል አብርተን እንዲያድር እናደርጋለን። ከሰል ማንደድ ፈጽሞ አይሆንም። የሬዚኑ ትነት በእሳት ይያያዛል፣ የከሰሉ ጭስ ሰው ይገድላል፣ እሳት ደግሞ እርጥበት ያወጣል። ጠዋት ላይ ጤዛ ያረፈበት ገጽ ላይ ምንም አይለጠፍም፤ በጨርቅ ከተጠረገም በኋላ ፀሐይ እስኪያገኘው ይጠበቃል።

በዚሁ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኮባልት (የሬዚኑን መብሰል የሚያፋጥነው) ለብቻው የሚጨመርበት ሬዚን የሚጠቀም ካለ፣ ኮባልቱና ሃርድነሩ በቀጥታ መገናኘት የለባቸውም፤ ይፈነዳል። አንዱ ከሬዚኑ ጋር በደንብ ከተዋሐደ በኋላ ነው ሌላው የሚገባው። ሃርድነር ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፤ መነጽር የሌለው ልጅ ባልዲው አጠገብ አይቁም።

መልሶ መሥራት

የኋላውን ግድግዳ ከውስጥ በኩል ከፈትነው። ዙሪያውን የመዳፍ ስፋት ያህል የድሮውን ቆዳ ተውን፤ አዲሱ ሥራ የሚይዘው በዚያ ነው። ብስባሹ በመሮ ተዛቀ፤ የመጨረሻው ስስ ንብርብር በግራይንደር ተፈተገ፤ ንጹሕ ብርጭቆ እስኪታይ ድረስ። የብርጭቆ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ ያለ ማስክ የገባ ሰው አልነበረም።

አንድ ሕግ አወጣን፤ እንጨት የሚነካ ሁሉ ኤፖክሲ በሚባለው ሌላ ዓይነት ሬዚን፣ እንጨት የሌለበት በፖሊስተር። ኤፖክሲ እንጨትን አጥብቆ ይይዛል፣ ውሃም ከፖሊስተር የበለጠ ይከለክላል። በተፈተገ የድሮ ፖሊስተር ላይም ይይዛል። ፖሊስተር ግን በደረቀ ኤፖክሲ ላይ አጥብቆ አይይዝም፤ ስለዚህ አንድ ቦታ በኤፖክሲ ከተጀመረ በኤፖክሲ ይጨረሳል። በኤፖክሲ ሲሠራ ማት አንጠቀምም፤ አብዛኛው ማት የተያያዘበት ማጣበቂያ የሚሟሟው በፖሊስተር ነው። የተሸመነውን የብርጭቆ ጨርቅ ነው የተጠቀምነው። ኤፖክሲ ውድ ነው። ለሙሉ ጀልባ ቢሆን ጋሼ አይችሉትም ነበር፤ ለአንድ ግድግዳና ለአንድ ወለል ግን ተገኘ።

ሁለት የ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በካርቶን ሞዴል ቆርጠን፣ እርስ በርስ በወፍራም ኤፖክሲ አጣበቅናቸው። የኮምፔንሳቶ ጠርዝ ውሃ የሚጠጣው እንደ አፍ ነው፤ ጠርዙን ሦስት ጊዜ ቀባነው፤ መጀመሪያ የተቀባውን ውጦ እንደገና ደረቅ ይመስላል፣ መጠጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይጨመርለታል። ከዚያ ወደ ውጭው ቆዳ አስጠግተን፣ በነበሩት የሞተር ቀዳዳዎች ብሎን አሳልፈን፣ ከኋላ ጣውላ ደግፈን አጠበቅነው። ከዳር ዳሩ ኤፖክሲው ተርፎ ሲወጣ ደስ አለን፤ ባዶ ቦታ የለም ማለት ነው። ግድግዳው ከጎኑና ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ቀጥ ብሎ እንዳይቀር በወፍራም ኤፖክሲ ሞልተን በማንኪያ ጀርባ አከበብነው፤ የብርጭቆ ጨርቅ ስለታም ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ አየር ይይዛል። ጨርቁን ደረብነው፤ እያንዳንዱ ንብርብር ከበታቹ ሰፋ እያለ ወደ ጎኖቹ ዘልቋል። በየንብርብሩ መካከል ላዩን በውሃና በስፖንጅ አጠብን፤ ብርድ ላይ ኤፖክሲ ሲደርቅ ላዩ ላይ ቅባት መሰል ነገር ያወጣል፣ ካልታጠበ ቀጣዩ አይይዝም።

ለፒቪሲዎቹ የተጠቀምነው በካሬ ሜትር 450 ግራም የሆነ ማት ነው። ሬዚኑን በሚዛን ነው የለካነው፤ ለአንድ ኪሎ ማት ከ2 እስከ 2 ኪሎ ተኩል ሬዚን። ሬዚን ሲበዛ ጠንካራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጉልበቱ ያለው በብርጭቆው ነው፤ የበዛው ሬዚን ክብደትና ስንጥቅ ነው የሚጨምረው። በሮለር አየሩ እየተገፋ ይወጣል፤ ነጭ ቦታ አይቀርም። በየሞራሌው ሥር፣ ገና ከመጀመሪያው፣ የውሃ መሄጃ ተውን፤ የትኛውም ጠብታ በራሱ መንገድ ወደ ኋላዋ መልቀቂያ እንዲደርስ።

ቀዳዳዎቹ

ከዚህ ጥገና አንድ ነገር ብቻ ይወሰድ ቢባል ይህን እሰጣለሁ። 12 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚያልፍበትን ቀዳዳ በመጀመሪያ በ20 ሚሊ ሜትር እንበሳዋለን። ከሥሩ በፕላስተር ዘግተን በወፍራም ኤፖክሲ እንሞላዋለን። ሲደርቅ መሐሉን በ12 እንደገና እንበሳዋለን። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በኤፖክሲ ቱቦ ውስጥ ነው፤ ማሸጊያው ነገ ቢላቀቅ እንኳ ውሃው እንጨት አያገኝም። ለመልቀቂያዋ ቱቦም፣ ለእያንዳንዱ የመቀመጫ ቪቴም እንዲሁ አደረግን። አሰልቺ ሥራ ነው። ከአናጢያችን ጋር ግማሽ ቀን ሙሉ ቀዳዳ ስንሞላ ውለን፣ ማታ ሲታይ ምንም የተሠራ አይመስልም። የጀልባዋን ዕድሜ የሚወስነው ግን ያ ግማሽ ቀን ነው፤ ጀልባዋ ስትሠራ ይህ ቢደረግ ኖሮ ወደ ደብረ ብርሃን የምትመጣበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

የድሮውን ፎም መልሰን አልሞላንም። ለመንሳፈፊያ በአፋቸው የተበየዱ ባዶ ጄሪካኖች ከወለሉ ሥር አሰርን፤ ወለሉ ላይም ሁለት የሚከፈቱ ክዳኖች ሠራን። እጅ የሚገባበት ቦታ ነፋስም ይገባበታል፤ ባለቤቱም ያያል።

ስንጨርስ መዶሻው ተመለሰ። ከዳር እስከ ዳር "ቃ" አለ። ሞተሩን አስረን የእግሩን ጫፍ ሁለት ሰው ይዞ ወደ ላይ ወደ ታች ወዘወዝነው፤ ግድግዳው አልተነቃነቀም። አይሱዙ ላይ የጫኗት አራት ሆነው ነው።

ለጋሼ የነገርናቸው ጥቂት ነው። ክረምት ሲመጣ ጀልባዋን ከውሃ ያውጧት፤ አፍንጫዋን ከፍ፣ ኋላዋን ዝቅ አድርገው ያስቀምጧት፤ መልቀቂያዋን ክፍት ይተውት። ላስቲክ ካለበሷት ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ በሞራሌ ከፍ ያድርጉት፤ ላዩዋ ላይ የተኛ ላስቲክ ላቧን ይዞ ያስቀምጣል። "ታንኳ የሚቀዝፉት ጣናዎችም እንዲህ ነው የሚያደርጉ፤ ከሠሩ በኋላ ዳር አውጥተው ያደርቋታል" አሉ፤ ታንኳው የሚሠራበት ደንገልም የጀልባዋ እንጨትም የሚያስፈልገው ያው መድረቅ ነው።

ከቀጣዩ ክረምት በኋላ ወደ ደሴ ስሄድ ሐይቅ ድረስ ወርጄ አየኋት። የኋላው ግድግዳ ከኛ ዘንድ ሲወጣ እንደነበረው ነው፣ ከወለሉ ሥርም ደረቅ ነው። ግን የእህታቸው ልጅ የመረብ መስቀያ ብሎ በቀኝ ጎኗ አራት ቪቴ በቀጥታ ወለሉ ላይ አስገብቶባታል። እዚያው ፈታናቸው፤ ከአንዱ ቀዳዳ ውስጥ ገና የረጠበ ፍቅፋቂ ወጣ። አራቱንም አስፍተን በስተን ለፀሐይ ተውናቸው። ኤፖክሲውን ከደሴ ስመለስ ሞላሁላቸው።